ሰላም ነን የሚል ድምፅ

አጎቴ የቀበሌያችን ሞዴል አርሶ አደር ነበሩ። የእህቴን ሞት ለመጻፍ ስነሣ ከእሳቸው መጀመር ግድ ሆነብኝ። ከሌላ ቦታ ጀምሬ ነበር፤ አልሄድ አለኝ።

ቤታቸው ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲኬድ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ነው። ከወረዳ እንግዳ ሲመጣ የሚጎበኘው የእሳቸው በቆሎ ነው፤ ከበቆሎው ቀጥሎ ሽንት ቤታቸው። ሽንት ቤቱ ሰማያዊ የተቀባ የቆርቆሮ በር ነበረው። በሩ ቁልፍ ነበረው። ቁልፉ የሚውለው እሳቸው ኪስ ውስጥ ነው። እኛ እንደ ጥንቱ ወደ ባሕር ዛፉ እንሄድ ነበር፤ እሳቸውም ጭምር። እንግዳ የመጣ ቀን ግን በሩ ይከፈትና እንግዳው ጎንበስ ብሎ ያያል። ንጹሕ ነው። ሰው ያልነካው ነገር ንጹሕ ቢሆን ምን ይገርማል። ከዚያ አጎቴ እጃቸውን አጣምረው "የቀበሌያችን ቤት ሁሉ እንደዚሁ ነው። ሁሉም ሰላም ነው" ይላሉ። እንግዳው ይጽፋል። ይጨበጨባል።

ዘመኑ የስብሰባና የሪፖርት ዘመን ነበር። ጎረቤት በአንድ ለአምስት ተደራጅቶ፣ አንዱ ስለ አምስቱ ለበላይ ይናገራል። ለበላይ የሚነገረው ደግሞ ደኅና ነገር ብቻ ነው። በቆሎውን ተምች ቢበላውም ሪፖርቱ ላይ አልተበላም። አጎቴ ለዚህ የተፈጠሩ ሰው ናቸው። ሜዳሊያ ተሸልመዋል። ሜዳሊያውን ቀብር ላይ ሳይቀር ያደርጉታል።

እሳቸውን በአንቱታ የምጽፈው ስለማከብራቸው አይደለም። አፌ ስለለመደ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ተመራማሪ ነው። ሰውነታችንን ከበሽታ የሚጠብቁት ሴሎች እርስ በርስ እንዴት እንደሚጠራሩ፣ ካንሰርም እንዴት እንደሚያታልላቸው ያጠናል። አባታችን ቀድሞ ስለሞተ፣ ያስተማረችው እህቴ ናት ማለት ይቻላል። እሷ ስምንተኛ ክፍል ላይ አቋረጠች። እሱ ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይቶ ሲማር በየሳምንቱ ስንቁን ተሸክማ የምትሄደው እሷ ነበረች። እኔ የመጨረሻው ነኝ። አሥረኛን ጨረስሁ፤ ነጥቡ አልመጣልኝም። ቡሬ አንድ የበርበሬ ነጋዴ መጋዘን ውስጥ ሚዛን ላይ ቆምሁ።

ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ፣ አስተማሪ ሆኖ፣ ኋላ ለዶክትሬት አውሮፓ ሄደ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለእረፍት የመጣ ጊዜ ደጃችን በሕመምተኛ ተሞላ። ጉልበቱን የሚያመው፣ ዐይኑ የሚያነባው፣ ልጅ አልያዝ ያላት፣ ሁሉም መጣ።

"እኔ የሕክምና ዶክተር አይደለሁም" አላቸው።

"የምን ዶክተር ነህ ታዲያ?" አለ አንድ ጎረቤታችን።

"የምርምር።"

"ምኑን ነው የምትመረምረው?"

ወንድሜ መዋሸት አይችልበትም። "ለጊዜው አይጥ ላይ ነው የምሠራው" አለ።

ጎረቤታችን ወደ ሰዉ ዞረ። "ተነሡ እንሂድ። ልጃችን ባሕር የተሻገረው አይጥ ሊያክም ነው። የኔ ቤት አይጦችስ አንድም ቀን ታመው አያውቁም፤ ጎተራዬን በልተው ደልበዋል።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ "የአይጥ ሐኪም" ሆነ። አጎቴም ይሉት ነበር፤ እሱ በሌለበት። እሱ ባለበት "ዶክተራችን" ነው የሚሉት።

በዚያው እረፍት፣ በቆሎው እሸት በደረሰበት ሰሞን፣ ሦስታችን ማማው ሥር ተቀምጠን ነበር። ማማ ማለት በቆሎ ጠባቂ የሚወጣበት የእንጨት ቆጥ ነው። ሌሊት ከርከሮ እንዳይገባ ጠባቂዎቹ ከማማ ማማ ይጠራራሉ። አንዱ "ነቅተሃል?" ይላል፤ ሌላው "ነቅቻለሁ" ይላል፤ ድምፁ ሸለቆውን ይዞ እስከ ታች ይወርዳል። እህቴ እሸት እየሸለቀቀች፣

"እስቲ ለኛ እንኳ ንገረን፤ አይጦቹን ምን ታደርጋቸዋለህ?" አለችው።

"ሰውነትሽ ውስጥ እንደነዚህ ያሉ ዘበኞች አሉ" አላት። "አንዱ ጠላት ሲያይ ይጮኻል። ሌላው ጩኸቱን ተቀብሎ ያሳልፋል። ገዳዩ ተጠርቶ ይመጣል። እኔ የማጠናው ጩኸቱን ነው።"

"ካንሰሩስ የት ገባ?"

"ካንሰር የዘበኛ ድምፅ የተማረ ከርከሮ ነው። 'ነቅተሃል?' ሲባል ከበቆሎው መሐል ሆኖ 'ሰላም ነው፣ ተኛ' ይላል። ዘበኛው ይተኛል። እሱ ይበላል።"

"እንዴት ድምፁን አይለይም?"

"ከወገኑ የመጣ ይመስለዋል።"

እህቴ ሳቀች። "እንዲህ ያለ ዘበኛ ምን ያደርጋል ጋሼ? ወርዶ ይረስ።"

ወንድሜም ሳቀ። ዘበኞቹ ሰንፈው እንዳልሆነ ነገራት። ያ የሐሰት ድምፅ ከታፈነ ራሳቸው ነቅተው ከርከሮውን እንደሚጨርሱት፣ እሱና ባልደረቦቹም ድምፁን የሚያፍን መድኃኒት እንደሚፈልጉ ነገራት። እህቴ ከዚያ ወዲያ ለጠየቃት ሁሉ ይህን ታስረዳ ነበር። በአገሩ "የአይጥ ሐኪም" ብላ የማታውቅ እሷ ብቻ ነበረች።

ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘችው እሱ ተመልሶ ከሄደ በኋላ ነው። ለእናቴ አሳየቻት። እናቴ ለአጎቴ ነገረች። እኔ ቡሬ ነበርሁ፤ የነገረኝ የለም። መጀመሪያ ቅጠል ተደረገበት። ቀጥሎ ጸበል ሄደች። እብጠቱ አልሄድ ሲል አጎቴ ፍኖተ ሰላም ወሰዷት። ሐኪሙ አያት። ከዚያ እሷ ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ አጎቴ ገቡ። በእኛ አገር ክፉ ነገር ለታማሚው አይነገርም፤ ለዘመድ ነው። ሐኪሙ ሳይውሉ ሳያድሩ ባሕር ዳር ወስደው እንዲያስመረምሯት ነገራቸው። አጎቴ ወጡና "ብርድ ነው አሉ" አሏት።

በዚያው ሰሞን የእናቴ ቤት "ሞዴል ቤተሰብ" ተብሎ ተመርቆ ነበር። ግድግዳውን የለሰነችው፣ መደርደሪያውን የሠራችው፣ የእጅ መታጠቢያውን ጀሪካን ደጅ የሰቀለችው እህቴ ናት። የምስክር ወረቀቱ በመስተዋት ተደርጎ ከራስጌዋ በላይ ተሰቀለ። ጤናማ ቤተሰብ ይላል።

ለኅዳር ሚካኤል ስመጣ ውኃውን በግራ እጇ ብቻ ስታነሣ አየኋት።

"እታለም፣ እጅሽ ምን ሆነ?" አልኋት።

"ብርድ ነው" አለች።

እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ያን ጊዜ ገባኝ። እናቴን ለብቻዋ ይዤ ስጠይቃት ሁሉንም ነገረችኝ፤ ሐኪሙ ያለውንም ጭምር።

አጎቴ ቤት ሄድሁ። ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ጠላ ይጠጣሉ።

"ለጋሼ ይነገረው" አልሁ። "ዛሬውኑ።"

አጎቴ ዋንጫቸውን አስቀመጡ። "ልጁ መጨረሻው ላይ ነው። ብንነግረው ሁሉንም ጥሎ ይመጣል። የስንት ዓመት ድካሙ ገደል ይግባ?"

"የሚያጠናው እኮ ይህንኑ በሽታ ነው።"

"አይጥ ነው የሚያጠናው" አሉ አንደኛው ሽማግሌ። ሳቁ።

"ሐኪሙ ቶሎ ውሰዷት አላለዎትም አጎቴ?"

"ብሎኛል። አዝመራው ይሰብሰብ። ደግሞም የወረዳ ጉብኝት አለብን።" ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "አንተ በርበሬ መዛኝ ነህ። ሂድና መዝን። ምክሩን ለኛ ተወው።"

ጉብኝት አለብን ነው ያሉኝ። የሽንት ቤቱን በር እንደገና ሊቀቡት ነበር።

ቡሬ ተመልሼ ደወልሁለት። ያኔ መስመሩ ይቆራረጥ ነበር፤ ደጋግሜ ሞክሬ አገኘሁት። ነገርሁት። ከዚያ ይጠይቀኝ ጀመር።

"ሲነካ ይንቀሳቀሳል?"

"አላውቅም።"

"ቆዳው ተለውጧል? ብብቷ ሥርስ አለ?"

"አላውቅም ጋሼ።"

"አይተኸዋል?"

"እህቴ ናት። እንዴት አድርጌ አየዋለሁ?"

"ታዲያ በምን አመንህ?"

"እናታችን ፊቷን አዞረች። ከዚያ ነገረችኝ።"

ፊት ማዞር በእሱ አገር ማስረጃ አይደለም። የእናቴ ወሬም አልበቃውም። "እሑድ ለአጎታችን እደውላለሁ" አለኝ።

እሑድ የሆነውን ያወራችልኝ እናቴ ናት። ስልክ የነበራቸው አጎቴ ስለሆኑ ቤተሰቡ እሑድ እሑድ እሳቸው ቤት ይሰበሰብ ነበር። ስልኩን ያነሡት እሳቸው ናቸው። "ሰላም ነን ልጄ። ሰዉም ሰላም፣ ከብቱም ሰላም፣ አዝመራውም ሰላም" አሉት። ስለ እህቴ ሲጠይቃቸው ሳቁ። ከዚያ ስልኩን በመዳፋቸው ሸፈን አድርገው ወደ እሷ ዞሩ። "ለሱ ስትዪ። ሊጨርስ ትንሽ ነው የቀረው" አሏት። ለእናቴም ዐይናቸውን አፈጠጡባት። እናቴ "ሰላም ነን" አለች። እህቴ ስልኩን ተቀበለች።

"ደኅና ነኝ ጋሼ" አለችው። "ትንሽ ብርድ ነክቶኝ ነው። አንተ በርታ።"

በማግስቱ ራሱ ደወለልኝ። ድምፁ ሌላ ነበር።

"ከራሷ አፍ ሰማሁ። እናታችንም ሰላም ነን አለችኝ። አጎታችን እንዳሉኝ ሥራው ሰልችቶህ፣ ውጭ እንድወስድህ ፈልገህ ነው። መምጣት ከፈለግህ በግልጽ ጠይቀኝ። በእህታችን አታስፈራራኝ።"

ዘጋው። ከዚያ በኋላ ስደውል አያነሣም።

ይህን ስጽፍ እጄ ይከብዳል። ግን ይጻፍ። የሐሰት ድምፅ ዘበኛን እንዴት እንደሚያስተኛ በየአገሩ እየቆመ የሚያስረዳ ሰው፣ በአንድ እሑድ ስልክ ተኛ። "ከወገኑ የመጣ ይመስለዋል" ያለው ራሱ ነው። የሚያውቀውን ነገር የቤተ ሙከራው ጠርሙስ ውስጥ ትቶት ወጣ። ስልክ ላይ ሲሆን እንደ ማንኛችንም ነው። እንዲያውም ከኛ ይብሳል።

አንድ ሚኒባስ ሾፌር ለምኜ ባሕር ዳር ልወስዳት መጣሁ። ሚኒባሱ አስፋልቱ ላይ ቆሞ እየጠበቀን፣ እህቴ ደጃፉ ላይ ቆመች። ያኔ ብርድ እንዳልሆነ አውቃለች። ለምን እንደማትሄድ ስጠይቃት ረጋ ብላ ነው የመለሰችልኝ።

"ጋሼ ሲመጣ ያየኛል። ይህን የሚያውቀው እሱ ነው። የማላውቀው ሰው ፊት ገላዬን አልገልጥም።"

"እንዳይመጣ ያደረግሽው አንቺ ነሽ እኮ።"

"ይጨርስ" አለችኝ። "ሲጨርስ ይመጣል። ስንቁን የተሸከምሁት እኮ እንዲጨርስ ነው።"

ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ባዶውን ሄደ። አጎቴ ከአጥራቸው ሆነው ያዩ ነበር። ምን ይላሉ፤ አሸንፈዋል።

ክረምቱ ሲገባ ቁስሉ ፈነዳ። ያኔ ቤቱ መሽተት ጀመረ፤ ሞዴሉ ቤት። ያኔ አጎቴም ባሕር ዳር ትሂድ አሉ። ሄደች። ዘግይታችኋል ተባልን። ይዘናት ተመለስን። ሐምሌ ላይ ሞተች። እስከ መጨረሻው የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። "ጨረሰ?" ትለኛለች። አልጨረሰም ነበር።

ሞቷም ተደበቀ። አልቃሾችን አጎቴ ራሳቸው አስጠነቀቁ፤ ወሬ እንዳይሻገር። እሑድ ሲደርስ ስልኩን አንሥተው "ሰላም ነን" ይላሉ። እህቴን ሲጠይቃቸው አንዴ ገበያ ሄዳለች፣ አንዴ ጸበል ሄዳለች፣ አንዴ ሽንዲ ዘመድ ልትጠይቅ ሄዳለች ይሉታል። እህቴ በሕይወት ሳለች ከፍኖተ ሰላም እምብዛም የማትርቅ ሰው ነበረች። ከሞተች በኋላ ብዙ አገር ዞረች።

ወንድሜ ዶክትሬቱን ጨርሶ መጣ። ከባሕር ዳር ተቀብለውት ቡሬ አንድ ዘመዳችን ቤት አሳደሩት፤ ለእናታችን ድንገት እንዳይሆንባት ነው ብለው። ለእህቴ ያመጣላትን ሹራብ ለባለቤቲቱ አውጥቶ አሳይቷታል። ሊነጋጋ ሲል አጎቴና ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ደርበው ገቡ። እኔም ከኋላ ነበርሁ። ወንድሜ ከእንቅልፉ ነቅቶ ሲያያቸው ፈገግ አለ። ሊቀበሉት የመጡ መሰለው። ይህን ያህል ነው የተማረው። በዚያ ሰዓት ሽማግሌ ጋቢ ደርቦ የሚመጣው ለመርዶ እንደሆነ የሰፈራችን ሕፃን ያውቃል።

ነገሩት። ጮኸ። ወደቀ። አነሡት። ሲረጋጋ "በምን ሞተች?" አለ።

"ያው፣ ያ ስሙ የማይጠራው" አሉ አንደኛው ሽማግሌ።

"ስሙን መጥራት ሥራዬ ነው። በምን ሞተች?"

እኔ ነገርሁት። "ካንሰር ነው። ጡቷ ላይ። ነግሬህ ነበር።"

ተመለከተኝ። ዐይኔን አልሰበርሁለትም።

ለቅሶው ላይ አጎቴ ሜዳሊያቸውን አድርገው እንግዳ ይቀበሉ ነበር። "ደብቀን፣ ችለን፣ ለዚህ አበቃነው" ይላሉ። ሰው ራሱን እየነቀነቀ ያመሰግናቸዋል። ያ "ተነሡ እንሂድ" ያለው ጎረቤታችን "የልጃችን ድካም መና አልቀረም" ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። ወንድሜ ከእህቴ አልጋ ራስጌ የተሰቀለውን የምስክር ወረቀት ቆሞ ሲያነብ ቆየ። ከዚያ ማማው ሥር ወሰደኝ። በቆሎው ገና አልደረሰም፤ ማማው ላይ ሰው አልነበረም።

"የሁሉንም ድምፅ ሰማሁ" አለኝ። "የአጎታችንን፣ የእናታችንን፣ የራሷን። ሁሉም አንድ ዓይነት ነበር። ያንተ ብቻ ተለየ።"

"አንተ የተማርኸው ይህንኑ አልነበረም?"

አለቀሰ። እኔ አላለቀስሁም፤ የእኔን ቀደም ብዬ ጨርሼ ነበር። ይቅር ልለው እንደሚገባ የሚነግረኝ ሰው ብዙ ነው። ቁጭ ብዬ አጠገቡ ቆየሁ፤ የቻልሁት ይህን ነው።

ከዚያ ወዲያ ወደ አገር ተመልሶ አዲስ አበባ ማስተማር ጀመረ። ምርምሩንም አሰፋው። የተጎዳ ገላ መልሶ የሚያበቅሉ ሴሎችን ያጠናል፤ ለተቃጠለ ሰው ቆዳ፣ መቅኔው ለደረቀ ሰው አዲስ መቅኔ። የሰውነት ዘበኞች አዲሱን ገላ እንደ ጠላት እንዳያዩት ማስማማት ነው ይላል ከባዱ ሥራ። የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ከጉቶው እንደሚያቆጠቁጥ አድርጎ ነው የሚያስረዳው። ደኅና ምሳሌ ነው። ከመቃብሯ አጠገብ ባሕር ዛፍ አለ፤ ተቆርጦ ብዙ ጊዜ አቆጥቁጧል። ከእሱ ሌላ እዚያ የበቀለ ነገር አላየሁም።

አንድ ጊዜ ቡሬ ባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ንግግር አድርግልን ብለው ጠሩት። አጎቴ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። እኔ ከኋላ በር ላይ ቆምሁ። ስለ ተኙት ዘበኞች ተናገረ። ሲጨርስ አንድ ካድሬ እጁን አወጣና "ይህ ምርምር ከአንድ ለአምስት አደረጃጀታችን ጋር እንዴት ሊተሳሰር ይችላል?" ብሎ ጠየቀ።

"ተሳስሯል" አለ ወንድሜ። "አንዱ ስለ አምስቱ 'ሰላም ነው' ሲል አምስቱ ያልቃሉ።"

ካድሬው ጻፈ። አጎቴ አጨበጨቡ።

ከዓመታት በኋላ አንድ ጧት አጎቴ ቡሬ መጋዘኑ ድረስ መጡ። ሜዳሊያ የለም። አንገታቸውን በሻርፕ ጠቅልለዋል። በርበሬው እያስነጠሳቸው ሻርፑን ፈቱና አሳዩኝ። ከጆሯቸው ሥር አብጧል።

"ስልክህን አውጣ" አሉኝ።

"ለማን ልደውል?"

"ለዶክተራችን ነዋ።"

"ሥራ ላይ ነው አጎቴ። እንዳይረበሽ።"

ሚዛኑ ላይ የነበረውን ጆንያ አወረድሁ። ሌላ ጫንሁ። ቆመው ጠበቁኝ። ከዚያ ደወልሁ። ስለራራሁ አይደለም። እሳቸውን መሆን ስላልፈለግሁ ነው።

ወንድሜ የመጀመሪያ ጥያቄው "አይተኸዋል?" የሚል ነበር።

"አይቼዋለሁ። ነክቼዋለሁም። ጠጣር ነው፤ አይንቀሳቀስም።"

"ስልኩን ስጣቸው እስቲ።"

ስልኩን ሰጠኋቸው። "ሰላም ነን" ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ።

"ደኅና አይደለሁም ልጄ" አሉት። "ድረስልኝ።"

ያን ቃል ከዚያ አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ለእህቴ ቢፈቅዱላት ኖሮ እሷም ትችለው ነበር። አጭር ቃል ነው።

ወንድሜ አዲስ አበባ አስመጣቸው። በጊዜ ተገኘ ተባለ። ታከሙ፤ ዳኑ። ዛሬም አሉ። ሻርፑን ጥለው ሜዳሊያውን መልሰዋል። በየስብሰባው "ዶክተራችን ከሞት አፍ አወጣኝ" እያሉ ያወራሉ፤ ሰው ያጨበጭብላቸዋል።

አሁንም እሑድ እሑድ እንሰበሰባለን። ስልኩ ሲጮኽ እጃቸው ይቀድማል። "ሰላም ነን ልጄ፣ ሰዉም ሰላም" ብለው ሊጀምሩ ሲሉ ከእጃቸው እወስደዋለሁ። ቁጣቸውን በጎን ዐይኔ አየዋለሁ።

"የእናታችን የቀኝ ዐይን ደክሟል" እለዋለሁ። "ማታ ማታ ታስላለች፤ ሰሞኑን ብሶባታል። ጥጃዋ ሞታለች። አጎታችን መድኃኒታቸውን አቋርጠዋል፤ አልነገሩህም።"

ወንድሜ አያቋርጠኝም። ስጨርስ "ሌላስ?" ይላል።